በአንድ ኪይ ውስጥ ኮርድ በተቀየረ ቁጥር ስኬል ይቀየራል ወይ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ከዚህ በታች ያለው በአንድ ጥያቄ ላይ የተሰጡ መልሶች ሰንሰለት (ክር) ማጠቃለያ ነው። ጠያቂው ሶሎ ሊጫወትበት የፈለገውን ዙር፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመጣውን የኮርዶች ተከታታይ፣ አንድ በአንድ አስቀምጧል። ኪዩ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት መነሻ ድምፅና አብረውት የሚሄዱት ሰባት ድምፆች፣ ሲ ሜጀር ነው። ኮርዶቹ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አራት ናቸው፦ ሲ ሜጀር ሰቨን፣ ኤ ሰቨን፣ ዲ ማይነር ሰቨን እና ጂ ሰቨን። እያንዳንዳቸው አንድ ባር፣ ማለትም አራት ምት ይቆያሉ። በእጁ ያለው ሰንጠረዥ ለሲ አዮኒያን፣ ለኤ ሚክሶሊዲያን፣ ለዲ ዶሪያን፣ ለጂ ደግሞ ሚክሶሊዲያን የሚባሉ ስኬሎችን (የድምፅ ድርድሮችን) ይሰጠዋል። ያልተዋጠለት ነገር ሦስት ነው። የዲ ዶሪያንም ሆነ የጂ ሚክሶሊዲያን ድምፆች ከሲ ሜጀር ሰባት ድምፆች በአንድም አይለዩም፤ ታዲያ ስም መቀያየሩ ለምን አስፈለገ? ሁሉም የኪዩ ልጆች ከሆኑስ ሲ ሜጀር ሰቨን ላይ ኤፍን ይዞ ሲቆይ ለምን ጆሮ ይጎረብጣል? ኤ ሰቨን ውስጥ ያለው ሲ ሻርፕ (ፒያኖ ላይ ከሲ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ቁልፍ) ደግሞ ጭራሽ ከኪዩ ውጭ ነው፤ በዚያ ባር ስኬሉ ምን ይሁን?

ኪዩ፣ ኮርዱና ቆይታው ተለይቶ ስለተጻፈ ክሩ ቢረዝምም ፍሬ አለው። መልሶቹን በየተራቸው አስቀምጣለሁ፤ ሐሳባቸውን እንጂ ቃላቸውን አልገለበጥኩም።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ወንድሜ ብሎ ይጀምርና ጠያቂው ያየው ትክክል መሆኑን ያረጋግጥለታል። ስኬሉ አዲስ ስም ስላገኘ አዲስ ድምፅ አይመጣም። ስሙ የሚነግረን ከሰባቱ ድምፆች የትኞቹ አራቱ ምሰሶ፣ የትኞቹ ሦስቱ ማገር እንደሆኑ ነው። ስለዚህ ስሙን ከመሸምደድ ስኬሉን ራሱን መሥራት ይሻላል ባይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በቅድሚያ የኮርዱ አራት ድምፆች ይጻፋሉ፤ ለዲ ማይነር ሰቨን ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ። ከዚያ ያልተነኩት ሦስት ፊደሎች ኢ፣ ጂ እና ቢ ከኪዩ ተወስደው በየክፍተቱ ይገባሉ። ሲደረደር ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይሆናል። ዶሪያን የሚባለው ይኸው ነው፤ ስሙ የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

በእኔ ግምት ከዚህ በኋላ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ይህን አሠራር መፈተሽ ነው። አንዳንዱ ያጠነክረዋል፣ አንዳንዱ የሚሰበርበትን ቦታ ያሳያል።

መልስ 2

አጭር ነው። ሲ ሜጀር ስኬልን አውቆ ጆሮን መከተል ይበቃል፣ ሌላው ነገር ማብዛት ነው ይላል። ስለ ኤፍም ሆነ ስለ ኤ ሰቨን ምንም አልጠቀሰም።

መልስ 3

መላሿ 2ኛውን በጨዋነት ግን በግልጽ ትቃወማለች። ጆሮን መከተል መልካም ነው፤ ጠያቂው ግን ጆሮው እንደጎረበጠው ነግሮናል፣ የጠየቀው ምክንያቱን ነው። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ነው፦ ከኮርዱ ድምፆች ከአንዱ በላይ በግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ በሚዋሰኑ ሁለት ቁልፎች ርቀት) ብቻ የተቀመጠ ድምፅ ከዚያ ከኮርዱ ድምፅ ጋር ይጋጫል። ኤፍ ከኢ በላይ ግማሽ ድምፅ ነው፤ ኢ ደግሞ የሲ ኮርድ 3ኛ ድምፅ፣ ኮርዱ ሜጀር መሆኑን የሚናገረው ድምፅ ነው። ሶሎው አንድ ኦክታቭ (12 ግማሽ ድምፅ) ወደ ላይ ቢወጣ በሁለቱ መካከል 13 ግማሽ ድምፅ ይሆናል፤ ግጭቱ ግን አይለዝብም።

ከዚያ የኪዩን ሰባት ኮርዶች አንድ በአንድ ታያለች። ሲ ሜጀር ሰቨን ላይ የሚጋጨው ኤፍ ነው። ዲ ማይነር ሰቨን ላይ በዚህ መለኪያ የሚጋጭ የለም። ኢ ማይነር ሰቨን ላይ ሁለት አሉ፤ ኤፍ ከኢ ጋር፣ ሲ ከቢ ጋር ይላተማሉ። ኤፍ ሜጀር ሰቨን ላይ የለም፤ ቢ እንኳ ከኤ በላይ ሙሉ ድምፅ ስለሆነ ተይዞ ሲቆይ ያምራል። ጂ ሰቨን ላይ ሲ፣ ኤ ማይነር ሰቨን ላይ ኤፍ፣ ቢ ሃፍ ዲሚኒሽድ ላይ ደግሞ ሲ ነው። ሰባቱ ድምፆች ያው ሆነው ሳለ ጠላቱ በየኮርዱ መለዋወጡን ማየት ለጠያቂው የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ ይሆናል ትላለች። የስሙ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

መልስ 4

ከ3ኛዋ ጋር ይስማማና አንድ ነገር ይጨምራል፦ የሚጋጭ ድምፅ የተከለከለ ድምፅ አይደለም፣ ጉዳዩ ቆይታና ቦታ ነው። በደቂቃ 120 ምት ሲጫወቱ የግማሽ ምት ኖታ የሚቆየው ሩብ ሰከንድ ነው። ኤፍ በዚህ ልክ በሁለት ምቶች መካከል ብቅ ብሎ ወደ ኢ ቢወርድ ወይም ወደ ጂ ቢሻገር ማንም አይሰማውም። 1ኛው ምት ላይ ወድቆ ሁለት ምት፣ ማለትም ሙሉ ሰከንድ ሲቆይ ግን አድማጭ ሁሉ ይሰማዋል። መሞከሪያውንም ይሰጣል። በግራ እጅ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ቢ ይያዛል፤ በቀኝ እጅ ኤፍ ይመታና እስኪሰለች ይቆያል፤ ከዚያ ጣቱ ወደ ኢ ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት የሚሰማው እፎይታ የትምህርቱ ግማሽ ነው ይላል።

በተጨማሪ አጃቢው ኮርዱን ሲ ሰስ ፎር (3ኛው ድምፅ በ4ኛው የተተካበት) አድርጎ ከያዘው ነገሩ ይገለበጣል። ኤፍ ምሰሶ ይሆናል፣ ኢ ይጋጫል። ዜማው ራሱ ሲ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሜጀር ሰቨን ከበታቹ ቢ ስለሚይዝ ዜማውና አጃቢው በግማሽ ድምፅ ይላተማሉ። ልምድ ያላቸው አጃቢዎች እዚያ ቦታ ላይ ቢን ትተው ኤ ይይዛሉ፤ ኮርዱ ሲ ሲክስ ይሆናል፣ ዜማውም ያርፋል። ሶሎ የሚጫወተው ሰው ጥፋት የሚመስለው ነገር አንዳንዴ የአጃቢው እጅ ላይ ያለ ነው።

መልስ 5

እዚህ ላይ ክሩ ለጥቂት ይደናገራል። 5ኛው መላሽ ኤፍ ከሲ ጋር የሚጋጨው ትራይቶን (6 ግማሽ ድምፅ የሚያህል ርቀት) ስለሚሠራ ነው እንጂ በግማሽ ድምፅ ምክንያት አይደለም ይላል፤ 3ኛዋንም መሠረታዊ ነገር ስታለች ብሎ ይነካካታል።

መልስ 6

3ኛዋ ራሷ ተመልሳ ትመልሳለች፤ አነጋገሯ ጠንከር ብሏል። ኤፍና ትራይቶን የሚሠራው በዶ ሬ ሚ አጠራር ሲ የሚባለው 7ኛ ድምፅ ነው፤ እሱ በፊደል አጠራር ቢ ነው። ክሩ ከመጀመሪያው በፊደል ስለተጻፈ ሲ ማለት ዶ ማለት ነው፤ ከሲ እስከ ኤፍ ደግሞ 5 ግማሽ ድምፅ ያለው ንጹሕ 4ኛ ነው። ሰውን ከማረም በፊት የትኛው ሲ እንደሆነ መጠየቅ ይገባ ነበር ትላለች። በእኛ ፊደል ሁለቱ ስሞች አንድ ዓይነት ስለሚጻፉ ይህ ስህተት በየጊዜው ይገጥማል። ዶ ሬ ሚ የለመደ ሰው ኮርድ በፊደል ሲያነብ የመጀመሪያ ሥራው ሲን ዶ ብሎ መተርጎም መሆን አለበት። 5ኛው መላሽ ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አስተካክሏል።

መልስ 7

ወደ ኤ ሰቨን የገባው ይህ ነው። ኤ ሰቨን እዚህ ቦታ የመጣው ወደ ዲ ማይነር ለመግፋት ነው፤ በራሱ ቤት የለውም ይላል። ከዚያ የ1ኛውን አሠራር ያለ ምንም ለውጥ ይሠራበታል። የኮርዱ ድምፆች ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ጂ ናቸው። የቀሩት ፊደሎች ቢ፣ ዲ እና ኤፍ ከሲ ሜጀር ይወሰዳሉ፤ ሲ የሚለው ፊደል በሲ ሻርፕ ስለተያዘ የኪዩ ሲ ቦታውን ይለቃል። ውጤቱ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ነው። ከሲ ሜጀር ስኬል የተቀየረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስም ለሚወድ ሰው የዲ ሜሎዲክ ማይነር 5ኛ ሞድ፣ ማለትም ያ ስኬል ከ5ኛ ድምፁ ተነስቶ ሲደረደር፣ ይባላል። ቢን ወደ ቢ ፍላት ዝቅ ማድረግም ይቻላል፤ ያን ጊዜ የዲ ሃርሞኒክ ማይነር 5ኛ ሞድ ይሆናል፣ ወደ ዲ ማይነር የሚገፋበት ኃይልም ይጨምራል።

መልስ 8

ይህኛው በቁጣ የገባ ነው። የትኛውም ሰንጠረዥ ለዶሚናንት ሰቨን (እንደ ኤ ሰቨንና ጂ ሰቨን ላለ ወደ ሌላ ኮርድ የሚገፋ ኮርድ) ሚክሶሊዲያን እንደሚል፣ ስለዚህ ኤ ሰቨን ላይ ኤፍ ሻርፕ እንጂ ኤፍ እንደማይገባ ይከራከራል። ጀማሪን ማደናገር ነውር ነው ብሎም ይዘጋል።

መልስ 9

ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው፤ ቁጣውን በቁጣ አልመለሰም። ሰንጠረዡ አልዋሸም፣ ኮርዱን ብቻውን ቆሞ ነው ያየው ይላል። ኤ ሰቨን ከፊቱም ከኋላውም ምንም ከሌለ ኤፍ ሻርፕ ያምርበታል። በጠያቂው ዙር ግን ከአንድ ባር በፊት የኪዩ ኤፍ በጆሮ ውስጥ አለ፤ ከአንድ ባር በኋላ ደግሞ ዲ ማይነር ይመጣል፣ 3ኛ ድምፁም ራሱ ኤፍ ነው። ኤፍ ሻርፕ የሰማ አድማጭ ዲ ሜጀር ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፤ የተነገረው ተስፋ ይታጠፍበታል። መፈተሻው ቀላል ነው። የኤ ሰቨን ባር 4ኛ ምት ላይ ኤፍ ሻርፕ ተመትቶ በቀጣዩ 1ኛ ምት ኤፍ ይመታል፤ ከዚያ ያው ሐረግ በኤፍ ይደገማል። ኤፍ ሻርፑ ሆን ተብሎ ወደ ኤፍ የሚወርድ መሸጋገሪያ ከሆነ ይሠራል። ባሩን ሙሉ እሱ ላይ መኖር ግን ከኪዩ መውጣት ነው።

የሚቀጥለው ኮርድ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ለዶሚናንት ኮርድ ስኬል መምረጥ አይቻልም ይላል። 8ኛው መላሽ ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልተመለሰም።

መልስ 10

በዚሁ ኪይ የሚገጥሙትን ሌሎቹን አራት ጊዜያዊ ዶሚናንቶች ሠርቶ አምጥቷል። ወደ ኤፍ የሚገፋው ሲ ሰቨን ቢ ፍላትን ብቻ ይጨምራል፤ ሌላው እንደነበረ ነው፣ ሚክሶሊዲያን ይወጣል። ወደ ጂ የሚገፋው ዲ ሰቨን ኤፍ ሻርፕን ይጨምራል፤ እሱም ሚክሶሊዲያን ነው። ወደ ኤ ማይነር የሚገፋው ኢ ሰቨን ጂ ሻርፕን ይጠይቃል፤ ኤፍና ሲ ከኪዩ ሲገቡ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ይሆናል። ወደ ኢ ማይነር የሚገፋው ቢ ሰቨን ብቻ ሁለት ድምፅ ይቀይራል፦ ዲ ሻርፕና ኤፍ ሻርፕ። ዝርዝሩን ያየ ሰው ሜጀር ኮርድን የሚጠራው ዶሚናንት ሚክሶሊዲያን ሲሰጥ ማይነርን የሚጠራው ጠቆር ያለውን እንደሚሰጥ ያስተውላል። ማንም አልደነገገውም፤ ከኪዩ ድምፆች በራሱ ጊዜ የወጣ ነው።

መልስ 11

አሠራሩን ይወደዋል፣ የሚሰበርበትንም ቦታ ያሳያል። አንደኛው ኤፍ ማይነር ሲክስ ነው፤ ከሲ ማይነር ተበድሮ ሲ ሜጀር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል። ኮርዱ ኤፍ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ነው። ከኪዩ ጂ፣ ቢ እና ኢ ሲጨመሩ በኤ ፍላትና በቢ መካከል 3 ግማሽ ድምፅ የሚያህል ገደል ይፈጠራል። ሐረጉ ከቢ ወደ ሲ የሚወጣ ከሆነ ቢው ይቆይ፤ ወደ ኤ ፍላት የሚወርድ ከሆነ ግን ቢ ፍላት ቢሆን ይሻላል፣ ያን ጊዜ የኤፍ ሜሎዲክ ማይነር ይሆናል።

ሁለተኛው ይብሳል። ጂ ሰቨንን የሚተካው ዲ ፍላት ሰቨን ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ፍላትና ሲ ፍላት ይይዛል። ከኪዩ የሚቀሩት ፊደሎች ኢ፣ ጂ እና ቢ ናቸው። ቢ ግን ፒያኖ ላይ ከሲ ፍላት ጋር አንድ ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ስኬሉ ወደ ስድስት ድምፅ ይወርዳል፣ ኢም ከዲ ፍላት በ3 ግማሽ ድምፅ ይርቃል። እዚህ አሠራሩን ለቆ ኢን ወደ ኢ ፍላት፣ ቢን ወደ ቢ ፍላት ዝቅ ማድረግ ነው። ጂ ከኪዩ እንዳለ ይቀራል፤ የተተካውን የጂ ሰቨን ሽታ የሚያቆየውም እሱ ነው። ውጤቱ ሊዲያን ዶሚናንት ይባላል። ስለዚህ አሠራሩ ሁለት መፈተሻ ያስፈልገዋል ይላል፦ ድምፆቹ ሰባት መሆናቸውና በጎረቤታሞች መካከል ከሙሉ ድምፅ የሰፋ ክፍተት አለመኖሩ። ክፍተቱ ከተገኘ ያለ ዕውቀት ሳይሆን ተመርጦ መቀመጥ አለበት። የ10ኛው ኢ ሰቨን ራሱ በኤፍና በጂ ሻርፕ መካከል እንዲህ ያለ ክፍተት አለው፤ የሚወደደውም ስለዚያ ነው።

መልስ 12

ክሩ ከዚህ ላይ መንገዱን ይስታል። 12ኛው መላሽ ይህ ሁሉ ድካም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ላለው ሰው አያስፈልግም ይላል። ትዝታ ሜጀርን ከሲ ስንነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ጥል የሚያመጡት ኤፍና ቢ ሁለቱም የሉበትም። ስለዚህ በሁሉም ኮርድ ላይ መሄድ ይቻላል ባይ ነው።

መልስ 13

ግማሹ እውነት ነው ብሎ ያርመዋል። በሲ፣ በኤፍ፣ በዲ ማይነርና በኤ ማይነር ላይ በእርግጥ የሚጋጭ ድምፅ የለም። ጂ ሰቨን ላይ ግን አጃቢው ቢ ስለሚይዝ የቅኝቱ ሲ ከላዩ ይጋጫል፤ ኢ ማይነር ላይም እንደዚያው። ኤ ሰቨን ላይ ደግሞ የቅኝቱ ሲና የኮርዱ ሲ ሻርፕ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሲው ከላይ ሆኖ አጭር ከሆነ የብሉዝ ጣዕም ይሰጣል፤ ከሲ ሻርፑ በታች ገብቶ ከቆየ ግን አንዱ ሰው ተሳስቷል ያስብላል። በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ አጃቢው እጅ ላይ ሊኖር ይችላል፤ 12ኛው የረሳው ይህን ነው።

መልስ 14

ጥያቄውን ገልብጦ ያየዋል። ዜማው በቅኝት ከሆነ ኮርዱ ከየት ይምጣ? የቅኝቱን ድምፆች ብቻ ይዘን ስንት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ እንደሚወጣ ቆጥሯል፤ ሁሉንም ከሲ ተነስቶ። ትዝታ ሜጀር ሁለት ይሰጣል፦ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። ትዝታ ማይነር፣ ማለትም ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀር ይሰጣል። ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ሲሆን ሲ ሜጀርና ኢ ማይነር ይወጡለታል። ነገር ግን 3ኛዋ የጠቀሰችው ተጋጪ ኤፍ እዚህ የቅኝቱ የራሱ ልጅ ነው፤ ሊሸሽ አይችልም። መፍትሔው ዜማው ኤፍ ላይ ሲቆይ አጃቢው ኢን ከኮርዱ አውጥቶ ሲና ጂን ብቻ እንዲይዝ ነው። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ዲ ፍላት ሜጀርና ኤፍ ማይነር ይወጣሉ፣ ማረፊያው ሲ ግን 3ኛ ድምፅ ስለሌለው ኮርድ የለውም። አንቺሆዬ ይበልጣል። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ኤፍ ሜጀርና ከእሱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ጂ ፍላት ማይነር አብረው ይወጣሉ። በማረፊያው ላይ ግን 3ኛም ሆነ ንጹሕ 5ኛ የለም።

መልስ 15

ተቆጥቷል፣ ምክንያትም አለው። አምባሰልን በሲ ማይነር መዝጋት ኢ ፍላት ማስገባት ነው፣ ኢ ፍላት ደግሞ በቅኝቱ ውስጥ የለም፤ አድማጩ ሌላ ነገር ይሰማል። የጎደለውን ድምፅ በኮርድ መሙላት ቅኝቱን መለወጥ እንደሆነ ሳይነገራቸው ብዙ አጃቢዎች ያደርጉታል ይላል። ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት ፍሬት ስለሌለው ግማሽ ድምፁ ከኪቦርዱ ጋር ልክ ለልክ እንዲሆን አይገደድም፤ ከስሩ ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ ሲዘረጋ ልዩነቱ ይጎላል። እንደ እሱ የሚሻለው መነሻውንና 5ኛውን ብቻ ይዞ መቆየት፣ ወይም ቤዝ ለብቻው መተው ነው። 14ኛው መላሽ ከቆጠራው ይህ አቋም ራሱ እንደሚወጣ ጠቅሶ በሁለት መስመር ተስማምቷል።

መልስ 16

ወደ ጠያቂው ዙር እንመለስ ብላ የገባችው መላሽ ስኬሉን ለጊዜው ትተውና በየኮርዱ ሁለት ድምፅ ብቻ ትይዛለች፤ 3ኛውንና 7ኛውን። በሲ ሜጀር ሰቨን ኢና ቢ፣ በኤ ሰቨን ሲ ሻርፕና ጂ፣ በዲ ማይነር ሰቨን ኤፍና ሲ፣ በጂ ሰቨን ቢና ኤፍ። እነዚህ ሁለቱ ከተሰሙ ቤዝ ባይኖር እንኳ ኮርዱ ይታወቃል። የመጀመሪያው ባር በኢ ማይነር ሰቨን ሲተካ የሚሆነውን ደግሞ በቅርበት ታሳያለች። አንደኛው ድምፅ ዲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ሲ፣ ቢ እያለ በየባሩ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ሁለተኛው ጂን ሁለት ባር ይይዝና ወደ ኤፍ ይወርዳል፣ ኤፍን ሁለት ባር ይዞ ኢ ላይ ያርፋል። ጣት ከግማሽ ወይም ከሙሉ ድምፅ በላይ አይንቀሳቀስም፤ አራቱም ኮርዶች ግን ጥርት ብለው ይሰማሉ።

ልምምዱን በሦስት ደረጃ ትከፍለዋለች። ሜትሮኖሙ በደቂቃ 60 ላይ ሆኖ መጀመሪያ በየባሩ እነዚህ ሁለት ድምፆች ብቻ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ምት። ሳይደናቀፍ አሥር ዙር ከተሄደ በኋላ በየምቱ አንድ ድምፅ፤ 1ኛና 3ኛ ምት ላይ የኮርዱ ድምፅ፣ 2ኛና 4ኛ ላይ የፈለጉት። ስኬል ሙሉ ለሙሉ የሚገባው በሦስተኛው ደረጃ ነው። አብዛኛው ሰው ከሦስተኛው ስለሚጀምር ሶሎው ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ ስኬል ሆኖ ይቀራል ትላለች።

መልስ 17

በሦስተኛው ደረጃ የሚያጋጥመውን ችግር ይነግረናል። በየምቱ ሁለት ድምፅ ሲሆን አንድ ባር ስምንት ድምፅ ይይዛል፤ ስኬሉ ግን ሰባት ነው። ጂ ሰቨን ላይ ከጂ ተነስቶ ቁልቁል ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ ቢባል ምቶቹ ላይ የሚወድቁት ጂ፣ ኢ፣ ሲ እና ኤ ናቸው። ከመጀመሪያው በቀር አንዱም የኮርዱ አይደለም፤ 3ኛው ምት ላይ የወደቀው እንዲያውም ተጋጪው ሲ ነው። ድምፆቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ሐረጉ ከኮርዱ ጋር የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ በጂና በኤፍ መካከል ኤፍ ሻርፕን መጨመር ነው። ጂ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ ሲባል ምቶቹ ላይ ጂ፣ ኤፍ፣ ዲ፣ ቢ ይወድቃሉ፤ ቀጣዩ ባርም በጂ ይከፈታል፣ ጂ ደግሞ የሲ ኮርድ ድምፅ ነው። ቢቦፕ ስኬል የሚሉት ይህ ነው።

መልስ 18

8ኛው መላሽ ነው፤ ኤፍ ሻርፕን ሲያይ ተመለሰ። 9ኛው ከለከለው፣ 17ኛው ፈቀደው፣ የትኛውን እንመን ብሎ ይሟገታል።

መልስ 19

9ኛው ሳይሰለች ይመልስለታል። የ17ኛው ኤፍ ሻርፕ በሁለት ምት መካከል ለግማሽ ምት ብቻ ብቅ ብሎ ወዲያው ወደ ኤፍ ይወርዳል፤ ራሱ 9ኛው መልስ ላይም እንዲህ ያለው መሸጋገሪያ ተፈቅዷል። የተከለከለው ኤ ሰቨን ላይ እንደ ቤት ልጅ መቀመጡ ነው። 4ኛው መላሽ ስለ ቆይታና ስለ ቦታ የተናገረው ለኪዩ ድምፆች ብቻ አይደለም፣ ከኪዩ ውጭ ላሉትም ይሠራል። 8ኛው መላሽ በዚህ ጊዜ አመስግኗል።

መልስ 20

ሳክስፎን ለሚጫወቱ ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ የአልቶ ተማሪ ይህንኑ የመሰለ ዙር ፒያኖው የሚያነበውን ወረቀት እያየ ሲጫወት ሁሉም ነገር ተበላሽቶበት ስኬሉን መጠራጠር ጀምሮ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ኪዩ ላይ ነበር። አልቶ ላይ ሲ ተብሎ የተጻፈው የሚሰማው ኢ ፍላት ሆኖ ነው። ስለዚህ የጠያቂውን ዙር አልቶ የሚያነበው ኤ ሜጀር ሰቨን፣ ኤፍ ሻርፕ ሰቨን፣ ቢ ማይነር ሰቨን፣ ኢ ሰቨን ብሎ ነው። ለቴኖር ደግሞ ዲ ሜጀር ሰቨን፣ ቢ ሰቨን፣ ኢ ማይነር ሰቨን፣ ኤ ሰቨን ይሆናል። አሠራሩ ያው ነው፣ በየመሣሪያው ኪይ ይሠራል።

መልስ 21

ጠያቂው ሁሉንም አመስግኖ በ16ኛዋ ሁለተኛ ደረጃ የሠራውን አራት ባር ለጥፏል፤ በየምቱ አንድ ድምፅ። በሲ ሜጀር ሰቨን ኢ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኤ። በኤ ሰቨን ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ሲ ሻርፕ። በዲ ማይነር ሰቨን ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ። በጂ ሰቨን ሲ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤፍ፤ ዙሩ ሲመለስ ኤፉ ወደ ኢ ይወርዳል። ሦስቱ ባሮች አምረውለታል፤ አራተኛው ለምን እንደሚንጠለጠል አልገባውም።

መልስ 22

3ኛዋ ናት። የአራተኛው ባር የመጀመሪያ ድምፅ ሲ፣ በዝርዝሯ ጂ ሰቨን ላይ የሚጋጨው ድምፅ ነው። ግን ማውጣት አያስፈልገውም፣ እንዲያውም የሐረጉ ጌጥ እሱ ነው። ከዲ ማይነር 4ኛ ምት ላይ የኮርዱ 7ኛ ሆኖ የመጣው ሲ ሳይንቀሳቀስ ጂ ሰቨን ላይ ተጋጪ ይሆናል፤ ጆሮም ቢን ይጠብቃል። ጠያቂው ግን ከሲ ወደ ዲ ስለወጣ ቢ በባሩ ውስጥ አንድ ጊዜም አልተሰማም። 2ኛው ምት ላይ ዲን አውጥቶ ቢ ቢያስገባ ባሩ ሲ፣ ቢ፣ ጂ፣ ኤፍ ይሆናል፤ ሲ ቢ ላይ ያርፋል፣ ኤፍም በቀጣዩ ባር ኢ ላይ። ጠያቂው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዙሩን አስተካክሎ መልሶ ለጥፎታል።